በሐዋሳ ለዘመነኛ ተውኔት የተዋናይነት ፈተና እንዴት ይዘጋጃሉ?

በሐዋሳ የተዋንያን ምልመላ ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በቴሌግራም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም ከአንዱ የቴአትር ክበብ ወደ ሌላው በቃል ስለሆነ፣ እስከ ፈተናው ያለው ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። በዚያ አጭር ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መነባንብ (አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚያቀርበውን ንግግር) መሸምደድ ሳይሆን መጠየቅ ነው። ተውኔቱ የሚቀርበው በአማርኛ ብቻ ነው ወይስ ሲዳምኛም ይገባበታል? ጥናቱ፣ ማለትም የተውኔቱ ልምምድ፣ ቀን ነው ወይስ ከሥራ ሰዓት በኋላ? ወደ ይርጋለም፣ ዲላ ወይም ሻሸመኔ እየተዘዋወረ ይታያል? ክፍያውስ በየመድረኩ፣ ማለትም ተውኔቱ በታየ ቁጥር፣ የሚታሰብ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ? ተማሪም ሆኑ ደመወዝተኛ፣ የእነዚህን መልስ ሳያውቁ አይፈተኑ፤ ከተመረጡ በኋላ ጥናት መሀል ላይ ቢያቋርጡ የሚጎዳው መላው ቡድን ነው።

ጽሑፈ ተውኔቱን አስቀድመው ማግኘት ከቻሉ፣ የሚፈልጉትን ገጸ ባሕርይ ቃለ ተውኔት ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ያንብቡት። ዘመነኛ ተውኔት የዛሬውን ሰው በዛሬው አነጋገር የሚያቀርብ ስለሆነ፣ ሰዎቹ የሚፈልጉትን ነገር ብዙውን ጊዜ በግልጽ አይናገሩም፤ ስለ ቤት ኪራይ ሲጨቃጨቁ የቆዩት ባልና ሚስት በእውነቱ የሚጣሉት ስለ ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማግኘት ጥሩ መነሻ የሚሆነው ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ የሚጠራሩበት መጠሪያ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ እስከ ሁለተኛው ትዕይንት «እርስዎ» ሲለው የነበረውን ሰው በድንገት «አንተ» ካለው፣ በመካከላቸው አንድ ነገር ተሰብሯል ወይም ተቀራርበዋል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይወስኑ ያንን መስመር ጮክ ብለው አይለማመዱት።

ፈተና ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ችግር ግን የንባብ ሳይሆን የድምፅ ነው። የአገራችን ቴአትር ረጅም የግጥምና የንግግር ባህል አለው፤ አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት እንኳ ዋና ሥራው ሕዝቡን ለአገር መከላከል በንግግርና በዜማ መቀስቀስ ነበር። ዛሬም ብዙ ወጣት ፈተና ላይ ሲቆም የሚያሰማው የመድረክ ድምፅ ለሕዝብ ንግግር የሚስማማ ድምፅ መሆኑ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለታሪካዊ ተውኔት ያ ድምፅ ክብር አለው። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ከእህቷ ጋር ለምትከራከር ሴት ግን አይሆንም።

በሌላ በኩል «ተፈጥሯዊ ልሁን» ብለው በለሆሳስ የሚያወሩም አሉ፤ የእነርሱ ጥፋት የሚጎላው ደግሞ በአማርኛ ጠባይ ምክንያት ነው። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ሲሆን ማን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገና ጭራሹን ያድርግ አያድርግ የሚታወቀውም በግሡ ነው። «እናቴን ጥዬ ወደ ዐረብ አገር» ብሎ ድምፁ የሚሰጥም ተዋናይ፣ «ሄድኩ» ይበል «አልሄድም» ይበል ከአራተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ተመልካች አይሰማውም። ስለዚህ ሲለማመዱ ትንፋሽ የሚወስዱት ከመጨረሻው ሐረግ በፊት እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ብቻ አይሁን፤ ጩኸት ሳይጨምሩ የመጨረሻውን ቃል እስከ ኋለኛው ግድግዳ ያድርሱት። ብዙዎች በማለዳ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ድምፅ መለማመድ ይወዳሉ፤ ለትንፋሽ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ሜዳ ላይ ድምፅ ተመልሶ ስለማይመጣ ሳያውቁት መጮህ ይለምዳሉ። የብሎኬት ግድግዳ ያለው አዳራሽ ደግሞ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ፍጥነትን መቀነስ ይጠይቃል። በፈተናው ቀን ቀደም ብለው ይድረሱና አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ አጨብጭበው ያዳምጡ።

መነባንብ አዘጋጅታችሁ ኑ ከተባለ፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ለዕድሜዎ የሚቀርብና ለአንድ ሰው የሚነገር ይምረጡ። የሚያናግሩት ሰው የት እንደቆመ ይወስኑ፤ ፈታኞቹን ራሳቸውን ግን አፍጥጠው አያናግሩ። ታዋቂ ኮሜዲያንን እያስመሰሉ ማቅረብም ሆነ በልቅሶ መጨረስ አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው የሌላውን ሰው ችሎታ ያሳያል፣ ሁለተኛው ደግሞ በዕለቱ ብዙ ጊዜ የታየ ነው።

ሳይዘጋጁ የሚያነቡት ገጽ ከተሰጠዎት፣ አንድ ደቂቃ ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ «ይበላል» የተባለው በይው ይሁን የሚበላው ነገር ከዐውዱ ያረጋግጡና በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ያኑሩ። ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ አይቅር፤ አብሮዎት የሚያነበው ሰው ሲናገር ቀና ብለው ያዳምጡት። ፈታኞች እርስዎን በደንብ የሚመለከቱት በራስዎ ተራ ሳይሆን በዝምታዎ ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዘጋጁ (ዳይሬክተሩ) «እስኪ ያንኑ እየሳቅሽ በዪው» ወይም «አሁን ደግሞ ተቀምጠህ» ቢል፣ የመጀመሪያው አቀራረብ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ለሳምንታት አብሮ የሚሠራ ሰው ስለሚፈልግ፣ ትእዛዝ ሲሰጥ መለወጥ መቻልዎን እየለካ ነው። ምክንያት ሳይደረድሩ ይሞክሩት፤ ልዩነቱ በጉልህ ይታይ። አንድ ዓይነት አቀራረብ ብቻ አጥንቶ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

አነጋገርዎ ላይ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ቃና ካለ ለመደበቅ አይድከሙ። ሐዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፣ ታሪኩ እዚሁ የሚፈጸም ከሆነም ያ ቃና ለገጸ ባሕርይው እውነት ይጨምራል፤ የሚፈለገው ቃላቱ ጥርት ብለው መሰማታቸው ነው። ልብስዎ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ፣ ጽሑፍና ብልጭልጭታ የሌለበት ይሁን።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ለፈተና ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቁ፣ ወይም በአዳራሽ ፈንታ ወደ ሆቴል ክፍል ብቻዎን እንዲመጡ ከተነገረዎት አይሂዱ። ትክክለኛ ምልመላ ከአንድ በላይ ፈታኝ ባለበትና ሌሎች ተፈታኞች ደጅ ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ይካሄዳል። በተለይ ለሴቶች፣ ጥናቱ አምሽቶ የሚያልቅ ከሆነ ወደ ቤት የሚመልስ መጓጓዣ መኖሩን መጠየቅ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ከተመረጡ፣ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የጥናት ሰዓቱ፣ የመድረኩ ብዛት፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ቀንና የቀረጻ መብት በጽሑፍ ይስፈሩ፤ ቴአትሩ ተቀርጾ በዩቲዩብ ቢለቀቅ ምን እንደሚደርስዎት አብሮ ይጠየቅ። ተለዋጭ ተዋናይ (አንዱን ሚና ከሌላ ተዋናይ ጋር እየተፈራረቀ የሚጫወት) ሁን ከተባሉ ደግሞ፣ በየስንት መድረኩ እንደሚገቡና በጥናቱ ሁሉ መገኘት ግዴታ መሆን አለመሆኑን ጠይቀው ይፈርሙ።