ኪያርና ሐብሐብ በጓሮ፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንዲት የኮምቦልቻ ጎረቤቴ "ይሄ ዘር መካን ነው፤ አበባ እንጂ ፍሬ የለውም" ብላ ኪያሯን ልትነቅለው ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አበባው ሁሉ ወንዴ ነው። ኪያርም ሐብሐብም ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያወጡት ወንዴ አበባ ነው፤ ሴቴዋ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ትከተላለች። ሴቴዋን ከሥሯ ታውቋታላችሁ፤ የጣት ጫፍ የምታህል ጨቅላ ፍሬ ይዛ ነው የምትመጣው። "ትንሽ ታገሺ" አልኳት፤ እሺ አለችኝ። መቸኮል የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ሁለተኛው ንብ ማባረር ነው። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አበባ በፈካበት ጠዋት የተባይ መድኃኒት ከረጫችሁ የወንዴውን ዱቄት ለሴቴዋ የምታደርሰው ንብ ትሞታለች፤ ያቺ ጨቅላ ፍሬም ቢጫ ሆና ትረግፋለች። የግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ ርጩ። ንብ ከጠፋ ደግሞ በማለዳ ወንዴውን አበባ ቀጥፋችሁ ዙሪያውን ያለውን የአበባ ቅጠል ግፈፉት፤ ከዚያ የሴቴዋን መሃል በዱቄቱ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጓት።

ሌላው ቦታን አለማወቅ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሐብሐብ ሙቀት ይወዳል፤ ዝቅ ያሉት ቆቦና ከሚሴ ይመቹታል። ደሴ ያላችሁ ኪያሩን ሞክሩ፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በማያገኘው ጊዜ።

ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ደልዳላው ላይ አትዝሩ። መደቡን ከፍ አድርጉት፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል።

ኪያሩ መረረ? ብዙውን ጊዜ ጥማት ነው። ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ማጥለቅለቅ አይሆንም። በልኩ፣ ሳታቋርጡ፣ ከሥሩ አጠጡ። ቅጠሉን ማታ ማራስ በሽታ ይጠራል። ዩሪያ ሲበዛም ሐረጉ ይንዠረገጋል እንጂ ፍሬ አይዝም፤ የተብላላ ፍግ ይበቃዋል።

ኪያር ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ቅጠፉ። አንዱ ሐረጉ ላይ ቢጫ እስኪሆን ከቆየ ሌላውን ያስቀረዋል። ሐብሐብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያለጊዜው ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም። በጣት ከማንኳኳት ይልቅ ሆዱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። መሬት የነካው ቦታ ነጭ ከሆነ ገና ነው። የቅቤ መልክ ከያዘና አጠገቡ ያለችው ጠምዛዛ ክር ከደረቀች፣ ቢላ አምጡ።