እንዳሁላ አልሞት ሲለኝ

አንኮበር ወረዳ ለሄርባሪየም (ለደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ዕፅዋት ስሰበስብ ኮሶውም ቀጋውም ያለ ችግር ደረቁልኝ። እንዳሁላ ግን ጉድ ሠራኝ። ጋዜጣ መሃል ከትቼ፣ በጣውላ ተጭኖ፣ በጠፍር ታስሮ ሳምንት ከረመ። ስከፍተው ቅጠሉ ረግፏል፤ ግንዱ ጭራሽ ቡቃያ አውጥቷል! ጋዜጣውም ሻግቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንዳሁላ ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚያከማች ቢቆረጥም ቶሎ አይሞትም። መጀመሪያ መግደል ያስፈልጋል። ያረፍኩባቸው እማማ ለሽሮ ውሃ ጥደው ነበር።

“እማማ፣ ከፈላው ትንሽ ይስጡኝ።”

“ደግሞ ቅጠል ልትቀቅል ነው?” ብለው ሳቁብኝ።

ከአዲሱ ናሙና አበባውን ከውሃው በላይ ይዤ ቅጠልና ግንዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ነከርኩ። ወፍራሙን ግንድ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅኩት። በጨርቅ ካደረቅኩ በኋላ በየመሃሉ አየር የሚያሳልፍ ባለሽንትር ካርቶን ጨመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጋዜጣውን ጠዋትና ማታ ቀየርኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን የዘለለ ሻጋታውን ይጠብቅ።

በስምንተኛው ቀን ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ቅጠሉም በቦታው። ትንሽ ጠቁሯል። ደግነቱ የአበባውን ቀለም ሳልቆርጠው በፊት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።