ሊኑክስ ላፕቶፕ የውጭውን ሞኒተር አላይም ሲል

ኬብሉንና የሞኒተሩን ሜኑ መጀመሪያ እዩ። ኬብሉ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ተሰክቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 1ን እየጠበቀ ከሆነ ሊኑክስ ጥፋት የለበትም።

ርካሽ የዲስፕሌይፖርት–ኤችዲኤምአይ ኬብል የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ከላፕቶፑ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ። ተገልብጦ ሲሰካ ምስል አይመጣም። ዩኤስቢ ሲ መሰኪያም ሁሉ ምስል አያወጣም፤ የላፕቶፑን ሞዴል መግለጫ ሳታዩ አዲስ ኬብል አትግዙ።

ቀጥሎ ሲስተሙ ሞኒተሩን ማየት አለማየቱን ለዩ። ብዙ ሰው ኤክስራንድአር (xrandr) የሚባለውን ትእዛዝ ይመክራል፤ በዌይላንድ (በአዲሶቹ ሊኑክሶች ምስሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው ሥርዓት) ላይ ግን የመሰኪያዎቹን ትክክለኛ ሁኔታ አያሳይም። የተሻለው ሲስ፣ ከዚያ ክላስ፣ ከዚያ ዲአርኤም የሚለውን ፎልደር (/sys/class/drm) መክፈት ነው። እያንዳንዱ መሰኪያ የራሱ ፎልደር አለው፤ በውስጡ ያለው ስታተስ የተባለ ፋይል «ኮኔክትድ» ወይም «ዲስኮኔክትድ» ይላል።

«ኮኔክትድ» ካለ ችግሩ ቀላል ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የ«P»ን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ የማሳያውን ዓይነት ቀይሩ። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ብዛት) ዝቅ አድርጉ፤ ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም።

ኬብሉ ተሰክቶም «ዲስኮኔክትድ» ካለ፣ ወይም የመሰኪያው ፎልደር ጭራሽ ከሌለ፣ ድራይቨሩን (ሲስተሙ የግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) ጠርጥሩ። የኢንቴልና የኤንቪዲያ ግራፊክስ አንድ ላይ ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ኢንቴል ብቻ እንዲሠራ ካደረጋችሁ መሰኪያውም አብሮ ይሞታል። በኤንቪዲያ ሴቲንግስ «ኦን ዲማንድ» መርጣችሁ ሪስታርት አድርጉ።

ኡቡንቱ ላይ ድራይቨሩ በ«አዲሽናል ድራይቨርስ» ይጫናል። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የሚወርደውን ፋይል ተዉት፤ ከርነል (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) በታደሰ ቁጥር ያስቸግራል። ሰው የሚሰናከለው ግን ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌርን የሚያግድ መከላከያ) ላይ ነው። በመጫን ላይ ሳላችሁ አዲስ ፓስወርድ አውጡ ከተባላችሁ፣ ይህ የመግቢያ ፓስወርዳችሁ ሳይሆን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስክሪን አማርኛ አያውቅም። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ብቅ ይላል፣ የሚጠብቀውም 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ፣ «ኢንሮል ኤምኦኬ»ን፣ «ኮንቲኒው»ን፣ «የስ»ን ምረጡ፣ ፓስወርዱን አስገቡ። ስክሪኑ ካመለጣችሁ ድራይቨሩ ተጭኖም አይነሳም፤ ምንም የስህተት መልእክት ስለማይመጣ ሰው ኬብል ሲቀያይር ይውላል። መነሳቱን ለማረጋገጥ ተርሚናል ላይ የኤንቪዲያ ኤስኤምአይን ትእዛዝ (nvidia-smi) ስጡ፤ የካርዱን ስም ካሳየ ተነስቷል።

ሊኑክስን የጫናችሁት በ«ሴፍ ግራፊክስ» ከሆነ ደግሞ በግራብ (ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚል፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን የሚያግድ ቃል ቀርቶ ይሆናል። አጥፉት፣ ግራብን አድሱ፣ ሪስታርት አድርጉ።

ትናንት ሲሠራ የነበረ ሞኒተር ከአፕዴት በኋላ ከጠፋ፣ ሲነሳ በግራብ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። በእሱ ከሠራ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል አልተገነባም ማለት ነው፤ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት።