ቤት አጥተው የተናደዱ መራጮች የሚሠሯቸው ስህተቶች

እናቴ የባንክ ደብተሯን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ነው የምታስቀምጠው። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ስንት ኪራይ ቤት እንደቀየርን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሐምሌ 2014 ላይ ዕጣ ወጣ ሲባል ቤቱ ሁሉ ተረበሸ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ደግሞ መረጃው ተነካክቷል ተባለና ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጣበት ዕጣ ተሰረዘ። ለእሷ አልወጣላትም ነበር። ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው ወጥቶላቸው ለተሰረዘባቸው ሰዎች ነው።

ምርጫ ሲነሳ ታዲያ "ሁሉም ያው ናቸው" ትላለች። እኔ ንዴቷን አልቃወምም። ንዴቱ ልክ ነው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ሁሉ ንዴት የትም ሳይደርስ እዛው ቤት ውስጥ መቅረቱ ነው። ስለዚህ እኔም ከሠራኋቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩም ከማያቸው ስህተቶች የተወሰኑትን ልጻፍ።

መታወቂያን ችላ ማለት

ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ተከራይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አከራይ "ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀቁልኝ" ይላል። ዕቃ ተጭኖ ሌላ ወረዳ ይገባል። መሸኛ ለማውጣት ሥራ ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ደግሞ አዲሱ አከራይ "በቤቴ መታወቂያ አላወጣም" ሊል ይችላል። ነገ ዛሬ ሲባል ዓመት ያልፋል። የምርጫ አዋጁ፣ 1162/2011 ማለት ነው፣ መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። እንግዲህ አስቡት፦ በቤት ችግር በጣም የተጎዳው ሰው ከቦታ ቦታ የሚንከራተተው ተከራይ ነው፣ ካርድ ማውጣት የሚከብደውም እሱው ነው። የቤት ባለቤቱ ግን ሃያ ዓመት በአንድ አድራሻ ነው፣ ሄዶ ይመዘገባል። ከዚያ ፓርቲዎች የማንን ጥያቄ ቢሰሙ ትገረማላችሁ? ቤት በቀየራችሁ በወሩ መሸኛችሁን አውጡ፣ የምርጫ ወሬ እስኪጀመር አትጠብቁ።

ሁለቱን ወረቀት እንደ አንድ ማየት

በ2013ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ምክር ቤት ነው የተመረጠው። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። ብዙ ሰው የፓርቲውን ምልክት ፈልጎ ሁለቱም ላይ ያንኑ ምልክት አድርጎ ወጣ። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት፣ ለከተማው ምክር ቤት የሰፈሬ ዕጩዎች እነማን እንደነበሩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ግን የቀበሌ ቤት፣ የኮንዶሚኒየም ማስተላለፍ፣ የሰፈር ውሃና መንገድ የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። የሊዝ ሕጉ፣ የኪራይ አዋጁ ደግሞ የፌዴራል ነው። ማን ምን እንደሚሠራ ካልለየን የውሃ ጥያቄ ለፓርላማ ዕጩ፣ የሊዝ ጥያቄ ለወረዳ እናቀርባለን፣ ሁለቱም "የእኔ ሥልጣን አይደለም" ብለው ይሄዳሉ። ልክም ናቸው።

የከተማው ምክር ቤት ምን ያህል እንደተረሳ ታሪኩን ማየት ነው። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ፣ ከተማዋን ግን አልተረከበም፤ በኋላ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመላት። በ2005 የተመረጠው ምክር ቤት ደግሞ የሥራ ዘመኑ ተራዝሞ እስከ 2013 ቆየ። እናቴ የተመዘገበችው እሱ በተመረጠበት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ቤቷ የሚወስኑት ሰዎች እዚያ ነበሩ፣ እኛ ግን የአንዱንም ስም አናውቅም ነበር።

በቁጥር ተስፋ መርካት

"ይህን ያህል መቶ ሺህ ቤት እንገነባለን" ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። ቁጥሩን ተዉትና ሌላውን ጠይቁ። ለማን ነው? ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነው? ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ለዓመታት የቆጠቡት ሰዎችስ ወረፋ ምን ይሆናል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ዕጩው መንተባተብ ከጀመረ ዕቅድ የለውም ማለት ነው። ይሄ ለገዢው ፓርቲ ብቻ አይደለም። ተቃዋሚውም "ሙስናውን ካጠፋን ቤቱ ይመጣል" ሲል ያው ነው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አልነገረንም።

የራስን ገንዘብ እንደ ስጦታ መቀበል

ይሄኛው በጣም ያበሳጨኛል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሞቹ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ሲባሉ የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው ከኪሱ የሚያዋጣው ነው፣ ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው። ብድሩንም ከነወለዱ የሚከፍለው ያው ሰው ነው። ታዲያ ቁልፍ ሲረከብ ፓርቲ ለምን ይመሰገናል? መንግሥት መሬቱን አዘጋጅቷል፣ ዋጋውን ደጉሟል፣ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን የሕዝብ ገንዘብ ነው። "ይሄ ፓርቲ ቤት ሰጠኝ" ያለ ሰው ነገ ሊፍት ሲቆም፣ ውሃ ፎቅ አልወጣ ሲል መጠየቅ ያፍራል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ፓርቲና መንግሥት ለየቅል ናቸው፣ ወረዳው ግድግዳ ላይ ምንም ይሰቀል ምን።

ንዴቱን ጎረቤት ላይ ማውረድ

በ2011 የካቲት ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከከተማዋ ዳር፣ ከገበሬ በተወሰደ መሬት ላይ የተሠሩት የኮዬ ፈጬ ቤቶች ነገር ተነሣ። ቆጣቢው "ቆጥቤ ቤቴን ተከለከልኩ" አለ፣ ገበሬው "መሬቴ ተወሰደ" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በጊዜው በነበረው በአዋጅ 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሳ የዓመታዊ ገቢው አማካይ ዐሥር እጥፍ ነበር። ዐሥር ዓመት! ከዚያ በኋላስ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ካሳውን የወሰነው ሕግ ነው፣ ዕጣውን ያዘገየው አስተዳደር ነው፣ ተፋጠው የቀሩት ግን ቆጣቢና ገበሬ ሆኑ፤ ነገሩም የብሔር ጠብ ሆነ። የካሳ ሕጉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቀየረ፣ ቂሙ ግን ቀረ።

በትንሹም ይኸው ነው። ሴፍቲኔት፣ ድሃው የሰፈር ሥራ እየሠራ ገንዘብ የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ የገባችን ጎረቤት "በዘመድ ነው" ብሎ ማማት። ሴትየዋ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ስትጠርግ ታያላችሁ። መጠየቅ ያለበት መልማዩ ኮሚቴ ነው፦ መስፈርቱ ምን ነበር? ስም ዝርዝሩ የት ተለጠፈ?

ያለውን ሕግ ሳያውቁ አዲስ ተስፋ መጠየቅ

ባለፈው አንድ ስብሰባ ላይ ሰዉ "የኪራይ ሕግ ይውጣልን" ሲል ሰማሁ። ወጥቷል እኮ! አዋጅ 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የስድስት ወር ቅድሚያ እየከፈለ የሚገባ ጓደኛ አለኝ፣ "ምን ላድርግ፣ ቤት አጣለሁ" ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ዕጩውን የምንጠይቀው "ሕግ ታወጣለህ ወይ" ሳይሆን "የወጣው ለምን አይሠራም፣ ያመለከተ ተከራይ ከቤት እንዳይባረር ምን ታደርጋለህ" ብለን ነው።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያና ማኅበራዊ ዋስትና የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም እንዲዳረስ ይላል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የምትለዋን ያዙ። አቅሙ ምን ላይ እየዋለ እንደሆነ የሚታየው በጀት ላይ ነው።

በአምስት ዓመት አንዴ ብቻ መናገር

በጀት ከሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ውይይቱ ከዚያ በፊት ነው። ተወካያችሁን የምታገኙት ያኔ ነው እንጂ ከጸደቀ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። አመኔታ ያጣ ተወካይ እንደሚነሣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል። አቤቱታ የሚቀበል የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ሁሉም ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም። ግን በቃል የተነገረ ቅሬታ ወረዳ በር ላይ ይቀራል። በጽሑፍ አድርጉት፣ መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ኮፒውን ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ሄድን። ውሃችን የሚመጣው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው፣ እሱም አንዳንዴ ይዘለላል። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፣ ዐሥራ አንድ ጎረቤት ፈረመ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መጀመሪያ "ኃላፊው የሉም" አለች። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተን ማህተም ያረፈበት ኮፒ ይዘን ወጣን። ቤት ስንደርስ ፌስታሉን ፈታች፣ ኮፒውን ከደብተሩ ጋር አድርጋ መልሳ ጠቀለለችው።