ድብልቅን ለልጆች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጆች ወደ ክፍል ሲመጡ ስለ ድብልቅ ብዙ አይተዋል። ምስር ሲለቀም፣ ዱቄት ሲነፋ፣ የጀበና ቡና ሲሰክን ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ትቶ ትርጓሜውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ማለት ትልቁ ስህተት ነው። መጀመሪያ ይደባልቁ፣ ከዚያ ይለዩ። ትርጓሜው ኋላ ይደርሳል።

«ጨው ውሃ ውስጥ ጠፋ» አንበል። ልጅ የሰማውን እንዳለ ይይዛል፤ ጨው አለቀ ብሎ ያምናል። ሚዛን ካለ 100 ግራም ውሃና 10 ግራም ጨው ያስመዝኗቸው። ጨው ከሟሟ በኋላም 110 ግራም ነው። ቀጥሎ ጥቂቱን ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ውሃው ተኖ ጨው ይቀራል። አፋር ውስጥ በአፍዴራ ሐይቅ ጨው የሚመረተውም እንዲሁ ነው፤ የሐይቁ ውሃ ኩሬ ውስጥ ገብቶ በፀሐይ ይተናል። ሳህኑን ልጆቹ ራሳቸው ይከታተሉት።

ልጁ እንዳይሳሳት መልሱን ቀድሞ መንገርም ይጎዳል። አሸዋና ጨው ያለበትን ውሃ በጨርቅ ያጥልል። አሸዋው ይቀራል፣ ጨው ግን ያልፋል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ያኔ ነው። ያለፈው ውሃ ጨው እንዳለው ለማወቅ ግን አይቀመስም። ለምግብ የሚሆን ጨው ቢሆንም ዛሬ የለመደው ልጅ ነገ የማያውቀውን ዱቄት ይልሳል። ጠብታውን ማድረቅ በቂ ነው።

ወተትን ከጨው ውሃ ጋር አንድ መደብ ውስጥ አይክተቱት። ለዓይን አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ ውስጡ የተበተኑ የቅባት ጠብታዎች አሉ። ለዚህም ነው ቅቤ ተንጦ የሚወጣው።

ድብልቅንና ውህድን፣ ማለትም ተዋህዶ ሌላ ነገር የሆነውን፣ ማምታታት በጣም የተለመደ ነው። የብረት ብናኝና አሸዋ ቢደባለቁ ማግኔት ብረቱን ለቅሞ ያወጣዋል። ብረት ሲዝግ ግን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዷል። በማግኔትም በወንፊትም ወደ ነበረበት አይመለስም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳዩ።

ሁሌ ውሃ ያለበት ምሳሌ መስጠትም ይቅር። አየር ድብልቅ ነው፤ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። 18 ካራት ወርቅም እንዲሁ፤ ወርቁ 75 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው ሌላ ብረታ ብረት ነው።