ወጣቱን ሯጭ ወደ መርፌው የሚገፉ የአዋቂዎች ስህተቶች

ዶፒንግ፣ ማለትም በስፖርት የተከለከለ አበረታች ነገር መውሰድ፣ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ስለ ምርመራና ስለ ቅጣት ነው። ማን ተያዘ? ስንት ዓመት ታገደ? ልጁ እዚያ ከመድረሱ በፊት ባሉት ወራት ምን ሲያስብ እንደነበር፣ ማን ምን ሲለው እንደከረመ ግን ብዙም አንጠይቅም። የስፖርት ሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ይህንን ለዓመታት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ያገኙት ነገር ለአሰልጣኝም ለወላጅም ለማናጀርም ይጠቅማል። ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የዶፒንግ ቁጥጥራቸው በአስቸኳይ መስተካከል አለበት ብሎ ስማቸውን ከጠራቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የኔ ልጆች ጨዋ ናቸው» ብሎ መተው

ይህን ከብዙ አሰልጣኞች አፍ እንሰማለን። ልጆቹ ሥርዓት ያላቸው፣ ፈጣሪን የሚፈሩ፣ ታላቅ የሚያከብሩ ናቸው። ስለዚህ ስለ ዶፒንግ ማውራት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያልታሰበ ነገር ማስታወስ ይሆናል ይባላል።

ችግሩ ዶፒንግ የሚወስድ ሰው ራሱን እንደ አጭበርባሪ አለማየቱ ነው። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ጥፋት እየሠራ ኅሊናውን ዝም የሚያሰኝባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። ድርጊቱን ለስላሳ ስም ይሰጠዋል። ኃላፊነቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ከባሰ ጥፋት ጋር ያወዳድረዋል። በጣልያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በኒውዚላንድ ደግሞ ታዋቂ ስፖርተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ዓይነቱን አስተሳሰብ ከዶፒንግ ጋር ተያይዞ አግኝተውታል።

በእኛ ቋንቋ ይህ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። «ቫይታሚን ነው።» «ጉልበት ለመመለስ ያህል ነው።» «ሐኪሙ ነው ያዘዘልኝ።» «እገሌ ከዚህ የባሰ ይወስዳል።» ጨዋ ልጅ እነዚህን አረፍተ ነገሮች ከማንም እኩል ሊላቸው ይችላል። እንዲያውም ታላቁን የሚያከብር ልጅ ታላቁ የሰጠውን መርፌ «ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ስለዚህ ሰበቦቹን ቀድሞ በስማቸው ጠርቶ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ይሻላል። «አንድ ቀን አንድ የምታከብረው ሰው ቫይታሚን ነው ብሎ ቢሰጥህ ምን ትለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ጮክ ብሎ እንዲለው ማድረግ። እምቢ ማለት እችላለሁ ብሎ በራሱ የሚተማመን ወጣት የመውሰድ ሐሳቡ ዝቅተኛ እንደሆነ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ አንድ የ2014 ትንተና አሳይቷል።

«ቤተሰብህ አንተን ነው የሚጠብቀው» እያሉ መግፋት

ከአርሲ ወይም ከጎጃም ተነስቶ አዲስ አበባ የገባን የ18 ዓመት ሯጭ አስቡት። ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ክለብ አልያዘም፣ ወይም ይዞ ውሉ ሊያልቅ ነው። ገጠር ያሉት ወንድሞቹ የትምህርት ቤት ወጪ ይጠብቃሉ። ይህ ልጅ ጫናውን ሌት ተቀን ተሸክሞት ነው የሚውለው። ሌላ ሰው እየደጋገመ ሲያስታውሰው ፍርሃት እንጂ ፍጥነት አይጨምርለትም።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው በአንድ ሥራ እንዲጸና ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ። የሚሠራውን በራሱ ፈቃድ እንደሚሠራ ማወቅ፣ እየቻለ እንደሆነ ማየት፣ የሚቀበሉት ሰዎች መኖራቸው። በቁጣ፣ በማሳፈርና በማስፈራራት የሚያሠለጥን አሰልጣኝ ሦስቱንም ይነጥቃል። ያ የኒውዚላንድ ጥናትም እንዲህ ዓይነት የቁጥጥር መንፈስ ባለበት ቦታ ስፖርተኞች ለዶፒንግ ያላቸው አመለካከት የላላ ሆኖ አግኝቶታል።

ሌላው ልዩነት ልጁ «ምን ያህል ተሻሻልኩ?» እያለ ነው የሚሮጠው ወይስ «ማንን በለጥኩ?» እያለ የሚለው ነው። በሁለተኛው ብቻ የሚመራ ወጣት በተሸነፈ ቁጥር ዋጋ ቢስ እንደሆነ ይሰማዋል። ማሸነፍ አስፈላጊ አይደለም እያልኩ አይደለም። ሩጫ እንጀራ በሆነበት አገር እንዲህ ማለት ልጆቹን አለማክበር ነው። ግን አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ አንደኛ የወጣውን ብቻ ጠርቶ ሌላውን በዝምታ ካለፈ ሰባተኛ የወጣው ልጅ ምን ተማረ? ሰዓቱን ሦስት ሰከንድ አሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

አደገኛዎቹ ወቅቶችም ይታወቃሉ። ጉዳት፣ ከወጣት ወደ አዋቂ ውድድር መሸጋገር፣ ውል ሊያልቅ ሲል፣ ከተከታታይ ሽንፈት በኋላ። ዶፒንግ መውሰዳቸውን ካመኑ ስፖርተኞች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆች እነዚህን ጊዜዎች ደጋግመው ያነሳሉ። ብዙ ቡድን ውስጥ ደግሞ የተጎዳ ልጅ ልምምድ ስለማይመጣ ይረሳል። ስልክ የሚደውልለት የለም። ያን ጊዜ «ቶሎ የሚያድንህ ነገር አለኝ» ብሎ የሚመጣው ሰው ብቸኛ ወዳጁ ይሆናል። ለተጎዳ አትሌት በሳምንት ሁለት ጊዜ መደወል ምንም አያስወጣም።

በማስፈራራት ብቻ ማስተማር

ጉበትህ ይበላሻል፣ መካን ትሆናለህ፣ ልብህ ይቆማል። ጉዳቱ እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ግን ማስፈራራት ብቻውን እንደማይሠራ በአሜሪካ ኦሪገን ሊን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ በ1991 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። መጥፎ ጎኑን ብቻ የሰሙት ተማሪዎች ትምህርቱን ብዙም አልተቀበሉትም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ጓደኛው ወስዶ ሲፈጥን፣ ምንም ሳይሆን ሲቀር ያየ ልጅ ነጋሪውን ማመን ያቆማል።

ያው ቡድን ቆይቶ አትላስ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። በፖርትላንድ አካባቢ ባሉ 31 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ1996 ወጣ። ትምህርቱን የሚመሩት በከፊል የቡድኑ ልጆች ራሳቸው ነበሩ። ስለ ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አመጋገብና ጉልበት ስለሚገነባ ልምምድም ተማሩ። ትምህርቱን ያገኙት ልጆች ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚያፋፋ የሆርሞን መድኃኒት) የመውሰድ ሐሳባቸው ካላገኙት ያነሰ ሆነ። ለእኛ ሲተረጎም፣ «አትውሰድ» ካልን በኋላ በበሶ፣ በእንቁላል፣ በእንቅልፍና በእረፍት ቀን ምን ማድረግ እንደሚቻል ማሳየት አለብን።

«ሁሉም ይወስዳል» እያሉ ማውራት

ይህች ወሬ ሻይ ቤት ውስጥ ቀልድ ትመስላለች። ለ17 ዓመት ልጅ ግን ፈቃድ ናት። ከላይ የጠቀስኩት የ2014 ትንተና ከዶፒንግ ጋር አጥብቀው ከሚያያዙት ነገሮች መካከል «ሌሎችም ያደርጉታል» የሚለውን ግምት አስቀምጦታል። የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የሚወስደውን ሰው ብዛት ካልወሰዱት ከፍ አድርገው ይገምታሉ። ስለዚህ «ሁሉም ነው» የሚለውን ሰው ቃል እንደ መረጃ አትቁጠሩት።

በሌላ በኩል ችግሩን ማሳነስም አይገባም። በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ ማንነት በማይታወቅበት ዘዴ አትሌቶች ተጠይቀው ነበር። በ2018 የወጣው ውጤት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ዶፒንግ የተጠቀሙት 43.6 ከመቶ ገደማ እንደሚሆኑ ገመተ። ምርመራ ከሚይዛቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ሲተያይ የሚያስደነግጥ ነው። ግን በዚያው ቁጥር ከግማሽ የሚበልጡት አልወሰዱም ማለት ነው። ለልጆች ስትናገሩ ሁለቱንም ንገሯቸው።

የግሉኮስና የመርፌ ልማድን አለመቁጠር

ደከመኝ ሲባል ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ማስተከል እዚህ አገር እንደ ውኃ መጠጣት ነው። በፀረ ዶፒንግ ሕግ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። የሆስፒታል ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የምርመራ ሂደት ወይም ልዩ የሕክምና ፈቃድ ካልሆነ በስተቀር። ዴክሳሜታዞን የመሰሉ መርፌዎችም በውድድር ወቅት ታግደዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ሳይቀር ከተወሰነ መጠን ካለፈ በውድድር ወቅት ያስቀጣል። ይህን የማያውቅ ስንት ወጣት አለ!

ሳይኮሎጂው እዚህ ላይ ይገባል። በእንግሊዝ 212 ተወዳዳሪዎች ላይ የተሠራ የ2013 ጥናት ሰፕሊመንት (እንደ ቫይታሚንና ፕሮቲን ያለ የምግብ ማሟያ) ከሚወስዱት 22.9 ከመቶ፣ ከማይወስዱት ደግሞ 6 ከመቶ ዶፒንግ መጠቀማቸውን እንደተናገሩ አግኝቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም «ጉልበት ከዕቃ ውስጥ ይገኛል» የሚለው እምነት አንዴ ከገባ ቀጣዩ እርምጃ ይቀላል። በዚያ ላይ የሰፕሊመንቱ ጽሑፍ ራሱ አይታመንም። በኮሎኝ ላቦራቶሪ በ2004 በወጣው ምርመራ ከ634 ምርቶች 94ቱ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ንጥረ ነገር ነበራቸው።

መጠይቅን እንደ ምስክር ቃል መውሰድ

ይህ ስለ ዶፒንግ መጠይቅ የሚያስሞሉ ክለቦችንና ተመራቂ ተማሪዎችን ይመለከታል። አሰልጣኙ ቆሞ እያየ የሚሞላ ወረቀት ላይ «እወስዳለሁ» የሚል የለም። የጥያቄው አቀራረብም መልሱን ይለውጠዋል። በ1980ዎቹ ሐኪሙ ቦብ ጎልድማን «በእርግጠኝነት እንድታሸንፍ የሚያደርግህ ግን በአምስት ዓመት የሚገድልህ መድኃኒት ቢኖር ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ግማሽ ያህሉ አዎ አሉ ተባለ። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ለ212 አትሌቶች ሲያቀርብ አዎ ያሉት 2 ብቻ ነበሩ።

ሸክሙን ሁሉ ልጁ ላይ መጣል

ሕጉ ሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው አንተ ተጠያቂ ነህ ይላል። ሆን ተብሎ ከሆነ ቅጣቱ በአብዛኛው አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ለ19 ዓመት ሯጭ ሙሉ የሩጫ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እኛም ልጁ ሲያዝ ፊታችንን አዙረን እንሄዳለን። መርፌውን የወጋው፣ ገንዘቡን የከፈለው፣ አይቶ ዝም ያለው ሰው ነገም ሌላ ልጅ ያሠለጥናል።

የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ ልዩ ጥበቃ የሚሰጣቸው ታዳጊዎች አሉ። ከ16 ዓመት በታች ያሉት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከእነሱ አንዱ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ በዙሪያው ያሉት አዋቂዎች ወዲያው እንዲመረመሩ ሕጉ ያዛል። ወላጆች ይህን መብት ማወቅ አለባቸው። ልጃችሁ ከተያዘ መጀመሪያ አትቆጡ። ማን እንደሰጠው፣ የት ክሊኒክ እንደሄደ፣ ምን ብለው እንደነገሩት በእርጋታ ጠይቁት። የመድኃኒቱን ካርቶንና ደረሰኝ አትጣሉ። ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን ሂዱ።