የእርግዝና ማቅለሽለሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው ለሀዋሳ እናቶች

ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት ይጀምራል፣ በ9ኛው አካባቢ ይበረታል፣ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እየለቀቀ ይሄዳል። ጠዋት ብቻ የሚይዛት አለች፤ ቀኑን ሙሉ የማይለቃትም ብዙ ናት። ምግብና ውሃ በመጠኑም ቢሆን የሚረጋልሽ ከሆነ ፅንሱን አይጎዳውም። አንቺን ግን ያደክምሻል፤ ስለዚህ «ያልፋል» ብለሽ ብቻ አትቀመጪ።

ከአልጋ ስትነሺ ወደ ላይ ይልሻል

ዋናው መንስኤ የእርግዝናው የሆርሞን ለውጥ ነው፤ ጠዋት ላይ ግን የሚያብሰው ባዶ ሆድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ባላየ ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ብቻውን ይቀራል፣ በደምሽ ያለው ስኳርም ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ብድግ ስትይ ይብስብሻል።

መፍትሄው ከማታ ይጀምራል። ከመተኛትሽ በፊት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ትንሽ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ብዪ። ራስጌሽ ላይ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወይም ሁለት ሦስት ደረቅ ብስኩት አስቀምጪ። ጠዋት ዓይንሽን እንደገለጥሽ፣ ገና ሳትነሺ፣ ቀስ ብለሽ አኝኪውና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጋድመሽ ቆዪ። ከዚያ በጎንሽ ዞረሽ ተነሺ፣ እግርሽን አውርደሽ ትንሽ ተቀመጪ፣ ቀጥሎ ቁሚ። ቡና በባዶ ሆድ አይሆንም።

ቀን ላይም ሆድሽን ባዶ አታድርጊው። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ፦ ድንች ቅቅል፣ ሩዝ፣ አጥሚት፣ ቆጮ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የተስማማሽን ሁሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ሲሻለኝ እበላለሁ» ብለው በመጠበቅ ነው፤ ሆዱ ይበልጥ ባዶ ይሆናል፣ ማቅለሽለሹም ይብሳል። ውሃውን ከምግቡ ጋር አትጠጪው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አራርቂው። ጾም ከሆነ፣ እስከ ከሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይህንኑ ችግር ያባብሰዋልና ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። በረመዳንም ነፍሰ ጡር ጉዳት የምትፈራ ከሆነ እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል።

ሽታ አላስቀምጥ አለሽ

በእርግዝና መጀመሪያ ሽታ ይበረታብሻል። ዋነኞቹ የሽንኩርት ቁሌት፣ እጣንና ዓሣ ናቸው። ቁሌቱን ሌላ ሰው ቢያቁላላልሽ ጥሩ ነው። ካልሆነ በር መስኮቱን ከፍተሽ ለብዙ ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ አቁላልተሽ በፍሪጅ አስቀምጪ። ትኩስ ምግብ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ ስለሚወጣ፣ ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሻልሻል። ቡና ሲፈላ እጣኑ እንዲቀር ጠይቂ፤ ምክንያቱን የማይረዳ ጎረቤት የለም። ሻንጣሽ ውስጥ የሎሚ ቁራጭ ያዢ፤ ባጃጅ ውስጥ ሲያቅለሸልሽሽ ልጣጩን ቧጨር አድርገሽ አሽቺው።

በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በኩል ማለፍ ካስቸገረሽ መንገድ ቀይሪ። ዓሣው ራሱ ግን በደንብ የበሰለ ቆሮሶ ከሆነ ጠቃሚ ምግብ ነው። ጥሬውን በዳጣ መብላት ግን ይቅርብሽ፤ ጥገኛ ተውሳክና ባክቴሪያ ሊያስይዝሽ ይችላል።

ውሃ እንኳ አይረጋልሽም

በአንድ ትንፋሽ አንድ ብርጭቆ የጠጣሽ እንደሆነ ጨጓራው ተወጥሮ መልሶ ያወጣዋል። ካስመለሰሽ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ቆዪ፣ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ውሰጂ። ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ ለምለም (ኦአርኤስ) ይዘሽ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። በትንሽ ውሃ አወፍራ የምትበጠብጥ አለች፤ ጨውና ስኳሩ ስለሚበዛ ይጎዳል።

አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ እንጂ ወዲያው ጥርስሽን አትቦርሺ። አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ብሩሹ ይፍቀዋል፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።

የአይረን ኪኒኑ ያስመልስሻል

ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው ኪኒን በባዶ ሆድ ጨጓራን ይቆጣል። ማታ ከምግብ በኋላ፣ ከሻይና ከቡና አራርቀሽ ዋጪው። እንዲያም ሆኖ ካስመለሰሽ በራስሽ አታቋርጪ። ለባለሙያዋ ንገሪያት፤ ማቅለሽለሹ እስኪለቅሽ ፎሊክ አሲዱን ብቻ ልትሰጥሽ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ካልበቃ

ዝንጅብል ይረዳል፤ በቀን 1 ግራም ያህል ደረቅ ዝንጅብል፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከፋፍለሽ በሻይ ጠጪ። ቫይታሚን ቢ6 ደግሞ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታዘዛል። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ የያዙት ኪኒኖች ግን ቢ6ታቸው ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣልና በእነሱ አትተኪው። የማስታወክ መድኃኒቱ ፕላሲልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ጤና አዳም ለሆድ ይበጃል ቢሉሽም ማህፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ ተይው፣ ቡናሽ ውስጥም አታስገቢው።

ማስታወኩ ከእርግዝናው ላይሆን ይችላል

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ትኩሳት የእርግዝና ማቅለሽለሽ ምልክት አይደለም። ሀዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ ማስታወክ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት ወይም ከራስ ምታት ጋር ከመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጊ። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል፣ ለደም ማነስና ለውርጃም ይዳርጋል። ሽንት ሲያቃጥልሽና ወገብሽን ሲወጋሽ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ማቅለሽለሹ ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ገና ከጀመረሽም ሌላ መንስኤ ይፈለግ። ከልክ በላይ የበረታ እንደሆነ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ መንታ ወይም ጤናማ ያልሆነ እርግዝና ሊሆን ይችላልና።

24 ሰዓት ምንም ነገር ካልረጋልሽ፣ ለ8 ሰዓት ሽንት ካልመጣሽ ወይም ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ስትቆሚ ካዞረሽ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ወይም ክብደትሽ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ (60 ኪሎ የነበረች ከ3 ኪሎ በላይ) ሳትዘገዪ ሆስፒታል ሂጂ፤ ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥር ያስፈልግሻል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ማስታወክ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን ሥር ሕመም ጋር ከመጣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሂጂ፣ የክትትል ካርድሽንም ያዢ።